አቧራው ስንት ያወጣል?

እኛ ዕቃ ስንገዛ የምንጀምረው ከማጣጣል ነው። ሳያጣጥል የሚገዛ ሰው ካያችሁ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ የያዘው ገንዘብ የራሱ አይደለም። በግ ተራ ሄዳችሁ ዓይናችሁ አንዱ ሙክት ላይ ቢያርፍና ልባችሁ ቢከጅለው እንኳ፣ ወገቡን ጨበጥ አድርጋችሁ «ምነው፣ አጥንት ብቻ ነው እንዴ?» ካላላችሁ አብሯችሁ የሄደው ዘመድ በክርኑ ይጎስማችኋል። ቤት ልትከራዩ ብትሄዱ መስኮቱ ይጠብባችኋል፤ ሰፈሩ ይርቃችኋል፤ «ውሃው በየስንት ቀኑ ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ከንፈራችሁን ትመጥጣላችሁ። ከንፈር መምጠጥ ብቻውን ስንት እንደሚያስቀንስ ያጠና ሰው መኖሩን አልሰማሁም፤ ቀላል እንዳልሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ሻጩም ያውቃል። ማወቁን እናንተም ታውቃላችሁ። ተዋውቀን ነው የምንዋሸውና ማንም ማንንም አይቀየምም።

ክፋቱ ግን ልማዱ ዕቃ ላይ አይቆምም። ሰውንም የምንመዝነው እንደዚሁ ነው። ለእህታችን የመጣውን ጎረምሳ «ጨዋ ነው» ከማለታችን በፊት «ቁመቱ አጠር ይላል» እንላለን። እኔ ራሴ ሀርጌሳ የገባሁ ሰሞን ከአገሬ ልጆች ጋር ጠዋት ጠዋት የቀን ሥራ ፍለጋ አንድ ጥግ እንቆም ነበር። አንድ ቀን ሠራተኛ የሚመርጥ ፎርማን መጣና ከላይ እስከ ታች እያየ «ይሄ ከሲታ ነው፣ ያኛው አርጅቷል፣ አንተ ደግሞ እጅህ ቀጥኗል» እያለ አለፈን። ሁላችንንም በአንድ እይታ ማወቁ ገረመኝ። ለካ ምንም አላወቀም፤ ያየው የጎደለንን ብቻ ነው። ያን ቀን ሥራ ሳላገኝ ተመለስኩ። ይህን የማወራችሁ እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። እኔ በተመዘንኩበት ሚዛን ሌላ ሰው መዝኜ ጉድ መሥራቴን ልነግራችሁ ስለሆነ፣ ሚዛኑን ከየት እንዳመጣሁት አስቀድማችሁ እንድታውቁ ነው።

ሥራዬ ባቲላሜራ ነው። የተጨፈለቀ መኪና ቀጥቅጬ አቀናለሁ፤ የማይቀናውን ቆርጬ እበይዳለሁ፤ የቀረውን ነውር ስቱኮ ይሸፍነዋል። ሙያውን ናዝሬት ተማርኩ፤ ጅግጅጋ ሠራሁበት፤ ሀርጌሳ ከገባሁ ደግሞ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሀርጌሳ ለባቲላሜራ የምትመች ከተማ ናት። መኪኖቿ በአብዛኛው አገልግለው የመጡ ትንንሽ ጃፓን ሠራሾች ናቸው፤ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ የሚነዱትም በመንገዱ ቀኝ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲያምረው፣ ከወዲያ የሚመጣውን የሚያይለት ጎኑ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ተሳፋሪው ደግሞ ስልክ እያወራ ነው። እንጀራዬ ከየት እንደሚገኝ ገባችሁ መሰለኝ።

ከቅጥቀጣው ሌላ አንድ ስም ነበረኝ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው እኔን ሳያሳይ ገንዘቡን አያወጣም። ማግኔት በኪሴ አይጠፋም፤ ጤነኛ ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። ጣቴን አጥፌ ኮፋኖውን፣ በሩን፣ ፓራፋንጎውን አንኳኳለሁ፤ ድምፁ ይነግረኛል። ከዚያ መኪናው ደህና ቢሆን ከሚያወጣው ዋጋ ላይ ጉድለቱን አንድ በአንድ እቀንሳለሁ። ተቀንሶ የሚቀረው ዋጋው ነው። ከሻጭ ጋር ተሞዳሙጄ ስለማላውቅ «ሐበሻው አይዋሽም» ይሉኛል። ሰው አገር ላይ ዘመድ የለኝ፣ ርስት የለኝ፤ ያለኝ ይሄ ስም ብቻ ነበርና እሳሳለት ነበር።

ያለፈው ዓመት የበልግ ዝናብ ሊገባ ሁለት ወር ግድም ሲቀረው ሙስተፋ የሚባል ሰው ጋራዣችን መጣ። ሀርጌሳ ተወልዶ በልጅነቱ የወጣ፣ ባሕር ማዶ ሀብት ያፈራ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ ማውራት እንዴት በቀለለኝ። ሻይ አዘዘልኝ፤ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ፤ ሱማሊኛዬን አደነቀልኝ። ከዚያ «ዳሚ ውስጥ አንዲት በጣም አሮጌ መኪና አለች። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው። እሳቸውንም መበደል አልፈልግም፣ እኔም መበደል አልፈልግም። አንተ እያትና ዋጋዋን ተናገር፤ ሁለታችንም ባልከው እናድራለን» አለኝ። እስቲ አሁን እንዲህ ተብሎ የማይኮፈስ ማን ነው? ዳኛ ተደረግሁ እኮ። ማግኔቴን ኪሴ ከትቼ ተከተልኩት።

ዳሚ የደሃ ሰፈር ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ጸጉር ቆራጩ እዚያ ይኖራል። ሌላው የከተማው ሰው ቢላዋውን ያሠራቸዋል እንጂ ልጁን አይድርላቸውም። ይህን መጀመሪያ ስሰማ አልደነቀኝም፤ በእኛም አገር ቀጥቃጭ ዓይኑ ይፈራል፣ ማረሻው ግን ይፈለጋል። እንዲያውም የሰፈሩን ጠባብ መንገድ ስገባ፣ መዶሻ ከየግቢው ሲሰማ፣ ያለ ምክንያት የአባቴ ቤት የደረስኩ ይመስለኛል።

የመኪናዋ ባለቤት ኤዶ ሳህራ ይባላሉ። «ኤዶ» አክስት እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሴት በዚህ አገር እንዲህ ትጠራለች። የቀጥቃጭ ሚስት፣ የቀጥቃጭ ምራት ናቸው። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ወደ እኛ አገር ተሰድደው፣ ጅግጅጋ ገበያ ሻይ ሲሸጡ የለመዷት አማርኛ አለቻቸው። በአማርኛ ሰላምታ ስሰጣቸው ፊታቸው ፈካ አለ።

«አንተ ልጅ፣ አንተም ብረት መታ?»

«እመታለሁ፣ ኤዶ።»

«እንግዲያ የእኛ ሰው» አሉና እጄን ገልብጠው መዳፌን አዩት። ያዩት ነገር ያረካቸው መሰለኝ።

ግቢው ጥግ ላይ፣ የባላቸው ምድጃ የነበረበት ዳስ ሥር፣ መኪናዋ ቆማለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራች የእንግሊዝ መኪና ናት፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ለጌታ የተሠራች መሆኗ ከበሯ ስፋት የሚታወቅ። አንድ የቆዳ ነጋዴ ነው ከኤደን በጀልባ አሻግሮ በርበራ ወደብ ያወረዳት። ኋላ ባሌስትራዋ ተሰብሮ የኤዶ አማት እንዲቀጠቅጡለት ግቢያቸው አቆማት፤ ሳይመለስ ሞተ። ልጆቹ ቢጠየቁ «የእናንተው ትሁን፣ ማን ይገፋታል» አሉ። ከዚያ ያ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። ሰው ከተማውን ጥሎ ሲሸሽ የኤዶ ባል ጎማዎቿን ነቅለው፣ አመድ፣ የተቀደደ በርሜል፣ ቁርጥራጭ ብረት ከመሩባትና ሄዱ። ከስደት ሲመለሱ ቤታቸው ጣሪያ አልነበረውም። የጎረቤታቸውም ቤት አልነበረውም፤ ቆርቆሮው ሁሉ እየተነቀለ ተወስዷል። የቁርጥራጩ ክምር ብቻ እንደተተወ ነበር። ቆሻሻ መስሎ ተረፈ።

ያ ጣሪያ ከዚያ ወዲህ በቅጡ ተመልሶ አያውቅም። ባላቸው ሸራ ወጠሩ፤ የዘይት ጣሳ ጠፍጥፈው ደረቱበት፤ እንደደረቱ ሞቱ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ኤዶ መሬቱ ላይ ሳፋ ይደረድራሉ። ሆዳን የምትባል ልጃቸው ሕፃን ልጇን ይዛ አብራቸው ትኖራለች። ደረቷን ያማታል። በቀደመው ዝናብ ወር ሙሉ ስታስል ከርማ ሐኪም ቤት ሲወስዷት፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፈ በኋላ «እርጥብ ቤት ውስጥ ሌላ ዝናብ እንዳታሳልፊ» ብሏታል። ኤዶ መኪናዋን የሚሸጡት ለዚህ ነው። አሮጌው ግድግዳ ይፈርስና ሁለት የብሎኬት ክፍል፣ በላዩ አዲስ ቆርቆሮ፣ እሱም ዝናቡ ሳይገባ። ሐጅ እንሂድ፣ ሱቅ እንክፈት አላሉም። ይህን ሁሉ ቁጭ አድርገው ነገሩኝ፤ እኔም ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። ምን እንደሚፈልጉ አላውቅም ነበር ብዬ ማመካኛ የለኝም።

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ሙስተፋ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይከተለኛል፤ ኤዶ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከፊት ለፊት ያዩኛል። ማግኔቱን ኮፋኖው ላይ ባስጠጋው ወደቀ። ስቱኮ ነው ብዬ ስፍቀው አሉሚኒየም ነው። «አሉሚኒየም ለጥገና ያስቸግራል» ብዬ ቀነስኩ። በሩን ስከፍት የውስጡ ማገር እንጨት ሆኖ አገኘሁት፤ ጥጉን ምስጥ ቀምሶታል። ቀነስኩ። የወንበሩ ቆዳ ተሰነጣጥቆ የፈረስ ጭራ የመሰለ ነገር ወጥቶበታል፤ የኋላው ወንበር ላይ ደግሞ ዶሮ እንቁላል ስትጥልበት ኖራለች። ይሄማ ምኑ ይወራል፤ ደህና አድርጌ ቀነስኩ።

«ቀለሟስ?» አለኝ ሙስተፋ።

«የፋብሪካው ነው! ከተሠራች ጀምሮ ቀለም አልነካትም፣ እየው እንዴት እንደተፈረፈረ» አልኩት፣ ሰው እንደመክሰስ አድርጌ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ምራቁን ዋጠ። ሞተሩን ከፈትኩለት። «ተመልከት፤ ብሎኖቹ መፍቻ አይተው አያውቁም። ማንም ከፍቶ ያልጠገናት መኪና ናት፣ የት ቦታ ምን እንደበሰበሰ ማን ያውቃል?» አልኩት። አሁንም ምራቁን ዋጠ። አዘንኩለት። ምስኪን፣ ከባሕር ማዶ ድረስ በምኞት መጥቶ ይሄንን አፈር አገኘ ብዬ በሆዴ አዘንኩለት። አንጀቴ ራርቶለት ነው እንግዲህ ቅናሹን ያጠበቅሁት። እናንተ ነገሩ ከገባችሁ ቆይቷል። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ ጣቴን አጥፌ እያንኳኳሁ።

በሐሳቤ ደህና ብትሆን አሥራ ሁለት ሺህ ዶላር ገመትኳት። የላሜራውን፣ የእንጨቱን፣ የቆዳውን፣ የሞተሩን፣ የጎማውን ቀናንሼ ሁለት ሺህ ላይ ደረስኩ። ደረቴን ነፍቼ «ሁለት ሺህ ዶላር» አልኩ። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙት ሰዎች ለኤዶ ሦስት መቶ ብቻ ሰጥተዋቸው ስለነበር፣ የዋልኩላቸው ውለታ ነበር የታየኝ።

ኤዶ ጣታቸውን ቆጠር ቆጠር አድርገው «ለቤቱ አይበቃ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ሌላ ሰው ቢያየው?»

እዚህ ላይ ነው የተጎዳሁት፤ ማለቴ ያን ጊዜ የተጎዳሁ የመሰለኝ። አሥራ አራት ዓመት የተጠበቀ ስሜ ተነካ። «ኤዶ፣ ለእናቴ የማልነግራትን ለእርስዎ አልነግርም። ከዚህ በላይ የሚሰጥዎት ሰው ቢመጣ ወይ ሌባ ነው ወይ እብድ ነው» አልኳቸው። በሕይወቴ ብዙ የማይረባ ነገር ተናግሬአለሁ። ይህን የሚያህል ግን የለም።

ኤዶም «አንተ ካልክ እሺ። ሀላል» አሉ። ሙስተፋም «ሀላል» አለ፤ እዚህ አገር ሽያጭ በዚህ ቃል ይጸናል። ቀና ብሎ አላየኝም። ገንዘቡ እዚያው በስልክ ተላከ። ዝም ማለቱን ለጨዋነት ቆጠርኩለት።

በሳምንቱ መኪናዋን ወደ በርበራ የሚወስድ የጭነት መኪና መጣ። ማንም ሳይጠራኝ ባልዲና ጨርቅ ይዤ ሄድኩ፤ ከዳሚ ስትወጣ እንዲህ ቆሽሻ ሰው ባያያት ብዬ ነው። ባለሙያ ነኝ፤ አቧራ ሳይ እጄ ይበላኛል። ጨርቁን ነክሬ ኮፋኖው ላይ ላሳርፍ ስል፣ ያ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው የማላውቀው ሰውዬ፣ ሙስተፋ፣ «አትንካት!» ብሎ ጮኸ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ክንዴን ያዘኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረና ለቀቀኝ።

«ይቅርታ አድርግልኝ፤ አይገባህም» አለ። «ታድሳ የምታብረቀርቅ መኪና ሞልታለች። ማደስ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይችላል። እንደዚህች ማንም ሳይነካት የቆየች ግን ፈልገህ አታገኝም። ቀለሟ፣ ቆዳዋ፣ ብሎኗ፣ ሁሉም የመጀመሪያው ነው። አቧራው ራሱ የእሷ ነው። ጠረግኸው ማለት አበላሸሃት ማለት ነው።»

ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩ። «ታዲያ ስንት ታወጣለች?» አልኩት።

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸኝም። «እኔ ሠላሳ ሺህ ዶላር ይዤ ነው የመጣሁት። ከዚያ በላይ ብትል እከራከርህ ነበር እንጂ ትቻት አልሄድም ነበር» አለ።

እኔ የተፈረፈረውን ቀለም ስቀንስ እሱ በሆዱ ሲደምር፤ ያልተፈታውን ብሎን ስቀንስ እሱ ሲደምር፤ ያ ምራቅ መዋጥ ሁሉ ለካ ደስታ ኖሯል። አንድም ነገር ዋሽቼ አልተናገርኩም። የዘረዘርኩት ጉድለት ሁሉ እውነት ነበር፤ ጉድለት አለመሆኑን ብቻ ነው ያላወቅሁት። ዕድሜዬን ሁሉ የሰው መኪና ላይ ያለውን ጠባሳ ስሸፍን የኖርኩ ሰው፣ ጠባሳውን ፈልጎ የሚከፍል ሰው በዓለም ላይ አለ ብሎ ማን ይንገረኝ? በእኛ ሰፈር አሮጌ ነገር አሮጌ ሆኖ የሚቆየው ለማደሻ የሚሆን ሲታጣ ነው። ለካ ከተትረፈረፈልህ አሮጌ ነገር ያምርሃል። ሙስተፋ ለድካሜ ሁለት መቶ ዶላር ላከልኝ። ተቀበልኩት። ምን ልበላችሁ፣ የቤት ኪራይ ነበረብኝ።

በሦስተኛው ቀን ሙስተፋ እንደሚበር ሰምቼ በሚኒባስ ወደ አየር ማረፊያው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ነበር፤ እስክደርስ ድረስ አስቀያሚ የሆነ ስድብም አዘጋጅቼለታለሁ። በሩ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሳገኘው ግን እጁን ዘርግቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ስድቡ ጠፋብኝ።

«ለኤዶ ጨምርላቸው። ጣሪያ ነው የሚሠሩበት» አልኩት።

«እኔ አንተን ዳኛ ያደረግሁት እንዳልበድላቸው ብዬ ነው» አለኝ፣ ከልቡ ያዘነ ይመስላል። «ዳኛው ሁለት ሺህ ብሎ ከፈረደ በኋላ እኔ ሠላሳ ሺህ ነው ብል በሰው ፊት አንተን ማዋረድ አይሆንብኝም? ደግሞ ሀላል ተባብለናል።» ከዚያ ስልኩን አወጣና መቶ ዶላር ላከልኝ። «ይሄን ለልጃቸው መድኃኒት ስጥልኝ። ኢንሻአላህ ይሻላታል።» ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ገባ። ለእኔ ክብር ሲባል ሃያ ስምንት ሺህ ዶላር ተቆጥቦ በረረ። እንደዚህ ያለ ውድ ክብር ከዚያ በፊት ኖሮኝ አያውቅም።

መቶውን ዶላር ለኤዶ በስልክ ላክሁት፤ ከማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ከዚያ ፈራሁ። ፈሪ መሆኔን ተቀበሉልኝ። ዳሚን ላለማየት ወደ ሥራ በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ። ጋራዥ ውስጥ መኪና ለማስገመት የሚመጣ ሰው በዛ፤ «ሐበሻው እኮ የዳሚዋን ቆሻሻ በሁለት ሺህ አሸጠላቸው» ተብሎ ስሜ ከበፊቱ ይበልጥ ገንኗል። ሰው እጄን እየጨበጠ ያመሰግነኛል። በአገሬ ቋንቋ ለማን እንደምነግረው ግራ ገባኝ። አብረውኝ የሚሠሩት የአገሬ ልጆች ዘንድ ጠጋ ብዬ ልናገር እልና፣ ስንት መከራ ያለበትን ሰው በሠላሳ ሺህ ዶላር ወሬ ምን አስጨነቅሁት ብዬ እተወዋለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ሙስተፋ በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። መኪናዋ ከነአቧራዋ፣ ከነዶሮ ኩሷ፣ ለብቻዋ የተሠራላት ሰፊ ቤት ውስጥ ቆማለች። መስታወት በር አለው። ግድግዳው ላይ አየሩን የሚያደርቅ ማሽን ተገጥሟል። «እርጥበት እንዳይነካት» ብሎ ጽፎበታል። ጣሪያውን አጉልቼ አየሁት። ጥሩ ጣሪያ ነው።

ዳመናው መክበድ የጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ዓርብ፣ ጋራዡ ዝግ ስለሆነ ምክንያት አጣሁና ዳሚ ሄድኩ። ኤዶ አሮጌውን ቤት አስፈርሰውታል። የአንደኛው ክፍል የብሎኬት ግድግዳ ቆሟል፤ የሁለተኛው መስኮት ጋ ሲደርስ ገንዘቡ አልቋል። ሁለቱን ግድግዳ ይዞ ሸራ ተወጥሯል። ሆዳን ከሸራው ሥር ልጇን አቅፋ ተኝታለች፤ ሳሏ እስከ በሩ ይሰማል። ኤዶ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ደስ አላቸው።

ከፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ እንዳይጎድል ብዬ በሱማሊኛ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ዋሸህ?» አሉኝ።

«አልዋሸሁም፣ ኤዶ።»

«አውቀህ ዝም አልክ?»

«አላውቅም ነበር።»

ሆዳን አሳለች፤ ወደዚያ ዞረው አዩና ተመለሱ። «አማቴ አላወቀ። ባሌ አላወቀ» አሉ። «እሱ ሰው ሁሉ ዕድሜ ብረት መታ። አንተ ከየት ታውቅ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለሆዳን ግን አትንገር። ቁጥሩን ከሰማች አትድን» አሉኝ። ቢሰድቡኝ፣ በምርኩዛቸው ቢመቱኝ ምን ነበረበት? አለቀስኩ። ትልቅ ሰውዬ ነኝ፣ ጢሜ ሸብቷል፤ ብሎኬት ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ውሃ ሰጡኝ።

ውሃውን ስጨርስ ግድግዳውን በአገጫቸው አሳዩኝና በሱማሊኛ ጠየቁኝ። «አንተ የማትዋሽ ሰው ነህ። ይሄ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ስንት ይፈጃል? ለመጨረስ ስንት፣ ከማን እንደምበደር እንዳውቅ።»

ተነሥቼ ዞርኩት። የጎደለውን ብሎኬት፣ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ እንጨቱን፣ ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን፣ የግንበኛውን ቀን በጭንቅላቴ ደመርኩ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ይሆናል፤ ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ናዝሬት ተመልሼ የራሴን ጋራዥ ልከፍትበት አንድ ነጋዴ ዘንድ ያስቀመጥኩት ገንዘብ አለኝ፤ ሁለት ሺህ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አሥራ አራት ዓመት መሆኑ ነው። ሰማዩን አየሁት፣ የሆዳንን ሳል ሰማሁ፤ ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የውሸት ዋጋ ተናገርኩ።

«ብሎኬቱም ቆርቆሮውም ሁሉ እጄ ላይ ስላለ፣ ከነሥራው መቶ ሃምሳ ዶላር ይበቃዋል፣ ኤዶ።»

ኤዶ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ግድግዳውን አዩ። ፊታቸው ጠቆር አለ።

«ውድ ነው» አሉኝ።

ቀነስኩላቸው።